ነጻውን ዋይፋይ ፍለጋ ወደ አምቦ

አዲስ አበባ፣ ከንጋቱ 11፡30

ጨለማው ገና ሳይገፈፍ ከቤት ወጣሁ። መናኸሪያ ስደርስ ወደ አምቦ የሚሄደው ሚኒባስ ግማሽ ሰው ይዟል። ቀድሜ የደረስኩ መስሎኝ ነበር፤ የተረፈልኝ ግን ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ስፖንጁ አልቆ ብረቱ የቀረ ወንበር ነው። ታሪፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ የተጠየቅነው ሌላ ነው። አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን በጣታቸው ቢያሳዩ «እሱ የድሮ ነው» ተባሉ። ወረቀቱ ግን ሙጫው እንኳ የደረቀ አይመስልም። ሁላችንም እያጉረመረምን ከፈልን።

ለሽርሽር አይደለም የምሄደው፤ ራሴ የጻፍኩት ነገር ጎትቶ እየወሰደኝ ነው። አምና ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አምቦ መሐል ከተማ ላይ ነጻ ዋይፋይ ዘርግቻለሁ ብሎ ጋዜጠኞችንና እንደ እኔ ያለውን ብሎግ ጸሐፊ ለምረቃ ጠርቶ ነበር። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ከፊሉ ከበጀት፣ ከፊሉ ከነጋዴውና ከሠራተኛው መዋጮ። ለመሣሪያው ከወጣው ይልቅ ለማስተዋወቂያው የወጣው ሳይበልጥ አይቀርም፤ ባነር፣ ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ቪዲዮ፣ የድንኳን ኪራይ፣ ምሳ። እኔም ኮፍያውን ተቀብዬ፣ ምሳውን በልቼ ተመለስኩና «አምቦ ከዓለም ጋር ተያያዘች» የሚል ጽሑፍ ጻፍኩ። ብዙ ሰው አነበበው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ትናንት አመሻሽ ላይ ሲስተር ለሊሴ ደወለችልኝ። ከሃያ ዓመት በፊት ጊንጪ ሳይንስ ሳስተምር ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ደመወዝ ሳይቋረጥ ዲግሪ የሚያስተምር ዕድል ወጥቷል። ማመልከቻው የሚገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ የሚዘጋው ዛሬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ዕድሜ ከሠላሳ አምስት መብለጥ የለበትም፤ እሷ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሠላሳ ስድስት ይሞላታል። ይህ ካመለጣት የሚመጣው ዓመት ለእሷ የለም። በእነሱ በኩል እስከ አምቦ ድረስ የስልክ ዳታ ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል።

«ቲቸር፣ ያ የጻፉት ዋይፋይ የእውነት አለ?» አለችኝ።

«አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ» አልኳት። ጊንጪ ላይ ተገናኝተን አብሬያት አምቦ እንደምሄድም ቃል ገባሁላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አዲስ ዓለም፣ ጠዋት 1፡25

ሹፌራችን በቀለ ይባላል። ሲያወራ መሪውን ይለቃል፣ ሲናደድ ይጨብጠዋል፤ ስለዚህ ሁላችንም እሱ እንዲናደድ እንመኛለን። አዲስ ዓለም ላይ ለአምስት ደቂቃ ቆምን። የማርያም ቅዳሴ ከላይ ይሰማል፤ ከታች አስፋልቱ ዳር ቆሎ፣ የተቀቀለ በቆሎና የፕላስቲክ ጫማ ጎን ለጎን ይሸጣል። አንድ ስኒ ቆሎ ሃያ ብር ገዛሁ። ስኒዋ ከውስጥ በጨርቅ የተደለደለች መሆኗን ያወቅኩት ቆሎው እጄ ላይ ከተገለበጠ በኋላ ነው።

ቀና ስል ባነሩን አየሁት። በሁለት ብረት ላይ ተወጥሮ የቤት ጣሪያ የሚያህል ነው። አንድ ወጣት ዛፍ ሥር ላፕቶፕ አቅፎ ይስቃል። «ነጻው ኢንተርኔት አምቦ ላይ ይጠብቅዎታል» ይላል፣ በሦስት ቋንቋ። ከዚህ እስከ አምቦ ገና ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ አለ። ሲግናሉ ሃያ እርምጃ የማይሻገር ዋይፋይ፣ ማስታወቂያው ስንት ከተማ አቋርጦ መጥቷል። ለዚህ ብረት፣ ለዚህ ሸራና ለዚህ ሲሚንቶ ከከፈሉት አንዷ ቆሎ የሸጠችልኝ ሴትዮ ናት።

በቀለን ሞክሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። አምቦ መናኸሪያ ወረፋ ሲጠብቅ እየሄደ ብዙ ጊዜ እንደሞከረው ነገረኝ። «ስሙ ይመጣል፣ ሰውዬው ግን አይመጣም» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጊንጪ፣ 2፡40

ከአዲስ ዓለም በኋላ የነበረውን መንገድ ለመግለጽ ወገቤ ይሻላል። ጉድጓዶቹን ሊደፍን የመጣው ጠጠር ክምር ራሱ መንገዱን ዘግቶ ተቀምጧል፤ የሚደፍነው ሰው የለም።

ጊንጪ የገበያ ቀኗ ነው። የጤፍ ኬሻ የጫኑ ጋሪዎች፣ ከጎጆ የወረደ ድንች፣ እግራቸው የታሰረ በጎች። ድንች ሻጮቹ ፀሐይና አቧራ ለመከላከል ከላይ አንድ የተቀደደ ሸራ ወጥረዋል። ጠጋ ብዬ ሳየው ያው ባነር ነው፤ ወጣቱ ተዘቅዝቆ ድንቹ ላይ ይስቃል። እስከዛሬ ካየሁት የባነሩ አገልግሎት የሚጨበጠው ይህ ብቻ ነው ብዬ ለአንዷ ሻጭ ብነግራት፣ ዝናብ ሲመጣም አያስገባም አለችኝ።

ለሊሴ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ወፍራም ጃኬት ለብሳለች፤ የጎጆ ብርድ ገና አለቀቃትም። ከባልደረባዋ የተዋሰችውን ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋለች፤ ማስረጃዎቿን በፌስታል ይዛለች። አክብራ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ስትለኝ «አከም ቡልተን ቲቸር፣ ነጋ?» አለችና እንደ ድሮው ሳቀች። አንድ አንድ ሻይ በችኮላ ጠጣን። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከእሷ በኋላ የተቀጠሩ ሦስት ልጆች ተምረው ተመልሰው አለቆቿ እንደሆኑ፣ እሷ ግን አንዴ ተረኛ ሆና፣ አንዴ ወልዳ፣ አንዴ ወሬው ዘግይቶ ደርሷት ዕድሉ ሲያመልጣት እንደኖረ አጫወተችኝ። ምሬት የለባትም። እኔ ነኝ የመረረኝ።

አምቦ፣ 4፡20

ከመናኸሪያ በባጃጅ መሐል ከተማ ደረስን። ምሰሶው ቆሟል። እውነት ለመናገር ያምራል፤ ዙሪያው ሴራሚክ ተነጥፎለታል፣ አረንጓዴ የተቀባ የብረት አጥር አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ የመረቁት ሰዎች ዝርዝር በእብነ በረድ ተጽፏል። ከሥሩ የተቆለፈ የብረት ሳጥን አለ። ሳጥኑ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ትበራለች።

ለሊሴ ላፕቶፑን ከፈተች። የዋይፋዩ ስም ወዲያው መጣ። ፊቷ በራ። ተጫነችው፤ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም» አለ። አጠፋች፣ አበራች። እኔም በስልኬ ሞከርኩ። ሌላኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ ከዚያ ቆመን፤ ከዚያ እንደ እብድ ምሰሶውን ዞርነው። ያው ነው።

ፊት ለፊት ካለው ሱቅ አንድ ሰው ሲመለከተን ቆይቶ ጠራን። ሸምሱ ይባላል፤ ከስልጤ መጥቶ አምቦ ላይ ሲነግድ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሱቁ በባልዲና በሳፋ ተሞልቷል። ከባልዲዎቹ በስተጀርባ ግን አራት ኮምፒውተሮች ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። የኢንተርኔት ቤት ነበረው። ነጻ ዋይፋይ መጣ ተብሎ ሲለፈፍ ደንበኛ ጠፋ፤ መስመሩን አስቆረጠና ወደ ባልዲ ገባ። ለዋይፋዩም አዋጥቷል። ይህን ሁሉ የሚነግረን የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ረጋ ብሎ ነው። እኔን ግን ደሜን አፈላው፤ ከተማዋ ውስጥ የሚሠራ ኢንተርኔት ነበረ፣ የማይሠራው ነጻ ነው ተብሎ ታወጀና የሚሠራው ተዘጋ።

«መሣሪያው አልተበላሸም» አለን ሸምሱ። «ቀይ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዋናው ጠፍቷል፣ ስሙን የሚያሳየው የላይኛው ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። አረንጓዴ የሚሆነው ኦቦ ገመቹ ሲከፍቱት ነው።»

ኦቦ ገመቹ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ጠባቂ ናቸው። ዋናው መሣሪያ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ቋሚ ንብረት ተብሎ ተመዝግቧል፤ የፈረሙበትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሳጥኑን በራሳቸው ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ሲወጡ ያጠፉታል፤ ምሳ ሰዓትም፣ ቅዳሜና እሁድም፣ ዝናብም ሲያስገመግም እንዲሁ። ለልምድ ልውውጥ እንግዳ ከሌላ ከተማ ሲመጣ ግን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ዛሬ የት ናቸው? የባልደረባቸው አባት አርፈው መሥሪያ ቤቱ እንዳለ ለቅሶ ላይ ነው። ሸምሱ ደወለላቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

አምና ኮፍያ የሰጠኝን ኃላፊ ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ። በሹክሹክታ መለሱልኝ፣ ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ናቸው። ጉዳዩን አስረዳኋቸው። ንብረት ጠባቂው በሌለበት ሳጥኑ የሚከፈተው ሦስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ነው አሉኝ፤ ኮሚቴውም ለቅሶ ላይ ነው። ከዚያም ስለ ፕሮጀክቱ ሁለተኛ ጽሑፍ ልሠራ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው።

ሸምሱ የለሊሴን ማስረጃዎች በሙሉ በስካነር አንስቶ በፍላሽ ሰጣት፣ ሂሳብም አልተቀበለም። ፎርሙ ላይ የሚሞላውን ሁሉ ወረቀት ላይ አዘጋጀች። ሽሮ አዘን በላን፤ ማለቴ እኔ በላሁ፣ እሷ እንጀራውን ስታገላብጥ ነበር። ዳታው ይመለስ ይሆናል ብለን ስልካችን ላይ እንዳፈጠጥን ሰባት ሰዓት ሆነ፤ በዚያ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ብንመለስም ከእንግዲህ በሰዓቱ አንደርስም። ለቅሶ ቤት እንሂድ ያለችው እሷ ናት።

ለቅሶ ቤት፣ 7፡50

በባጃጅ ከከተማው ዳር ወጣን። ድንኳኑ ከሩቅ ይታያል፤ መዝሙርም ይሰማል። ሟቹ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበሩ ሰዉ ብዙ ነው።

ለቅሶ ቤት ገብቶ አንድን ሰው «ና፣ ቁልፍ ስጠኝ» ማለት አይቻልም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ለሊሴም ከእኔ በላይ ታውቃለች። መጀመሪያ ሐዘንተኞቹ ዘንድ ቀርበን አንገታችንን ደፋን። ለሊሴ ከማታውቃቸው ሐዘንተኛ እናት እግር ሥር በርከክ ብላ እግዜር እንዲያጽናናቸው በኦሮምኛ ጸለየችላቸው፤ እያለቀሰች። እውነተኛ ልቅሶ ነበር። ከዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ንፍሮ መጣልን። መዝሙሩ አለቀና ሰባኪው ተነሱ።

ሰባኪው ጥሩ ሰባኪ ናቸው፣ ሌላ ቀን ቢሆን። ስለ ትዕግሥት ነበር የሚሰብኩት። ኦቦ ገመቹን ሸምሱ በነገረን ምልክት ለየኋቸው፤ ቡናማ ካፖርት፣ ወገባቸው ላይ የተንጠለጠለ የቁልፍ ዘለላ። ከእኛ ሦስት ረድፍ ፊት ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ቃሉ እየተሰበከ ተነስቶ ሰው መንካት ነውር ነው። ለሊሴን በዓይኔ ጠየቅኳት፤ በዓይኗ አይሆንም አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። በሰባኪው ተናደድኩ፣ በሟቹ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በራሴ አፈርኩ፤ ከዚያ እንደገና ተናደድኩ። ስብከቱ ሲያልቅ የመጽናኛ ጸሎት ቀጠለ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ዘጠኝ ተኩል አልፏል።

ለሊሴ ሄዳ ጎናቸው ተንበረከከችና ጆሯቸው ላይ አወራች። ኦቦ ገመቹ ቁጡ ሰው ይሆናሉ ብዬ ነበር። አልነበሩም። እስክትጨርስ አዳመጧት፣ ተነሱ፣ ሐዘንተኞቹን አስፈቅደው ወጡ። ባጃጅ ውስጥ ግን ዝም ማለት አቃተኝ፤ የሕዝብ ኢንተርኔት እንዴት በአንድ ሰው ቁልፍ ይዘጋል ብዬ ጮህኩባቸው።

«ጀነሬተር ነበረን» አሉኝ ዝግ ብለው። «ከግቢ ተሰረቀ። የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ሦስት ዓመት ከደመወዜ ተቆረጠ። እንዲሠራ አድርግ ያለኝ ሰው የለም፤ እንዳይጠፋ አድርግ ነው የተባልኩት። አላጠፋሁትም።»

 

አምቦ፣ 10፡10

ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው። ኦቦ ገመቹ ከከፈቱት በኋላ መዝገብ አውጥተው ሰዓቱን ጻፉ፣ ፈረሙ። መሣሪያው ለመነሳት ጊዜ ወሰደ። 10፡19 ላይ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች።

አረንጓዴ ስትሆን ምን እንደሚከተል ሸምሱ አልነገረንም ነበር። ከየሱቁ፣ ከየባጃጁ፣ ከየቁርስ ቤቱ ሰው ስልኩን ይዞ ወጣ። በደቂቃዎች ውስጥ አግዳሚው ሞላ፣ ሴራሚኩ ሞላ። ማንን እወቅሳለሁ? መዋጮው የእነሱም ነው። ለሊሴ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አደረገች።

መጀመሪያ የመጣው የእንኳን ደህና መጡ ቪዲዮ ነው። መዝለል አይቻልም። ኃላፊዎች ሪባን ይቆርጣሉ፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እኔም ከኋላ በኮፍያ ታየሁ። ቪዲዮው እየቆመ እየቀጠለ አሥር ደቂቃ በላ። ቀጥሎ ስልክ ቁጥር ጠየቀ፤ የማረጋገጫው መልእክት በአምስት ደቂቃው መጣ። ቀጥሎ መጠይቅ ቀረበ፤ በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል ይላል። ምርጫው ሁለት ነው፦ «ረክቻለሁ» እና «በጣም ረክቻለሁ»። ሳይመልሱ ማለፍ የለም።

ለሊሴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ «በጣም ረክቻለሁ» የሚለውን ነካች።

የማመልከቻው ገጽ ሲከፈት 10፡38 ነበር። ያዘጋጀችውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በፍጥነት ሞላች፤ ጣቶቿ አይንቀጠቀጡም፣ የማዋለጃ ክፍል ጣቶች ናቸው። የሚያያዙት ማስረጃዎች ስድስት ናቸው። የመጀመሪያው ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ሲሆን የመጠበቂያዋ ክብ ስክሪኑ ላይ ስትዞር ቆየች። ሸምሱ ከሱቁ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ያሉትን በአማርኛም በኦሮምኛም ለመነ፤ ልጅቷ ቁም ነገር ይዛለች፣ ለአሥር ደቂቃ ዝጉላት አላቸው። ብዙዎቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ሐሰት ይሆንብኛል። ኦቦ ገመቹም ካፖርታቸውን አውልቀው ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ ከላይ ያዙላት።

ሦስተኛው ገባ። አራተኛው ገባ። 10፡57 ላይ አምስተኛው ገባ። ስድስተኛው የሥራ ልምድ ማስረጃዋ ነው። ክቧ ዞረች፣ ዞረች።  ገጹ በመጨረሻ ሲለወጥ አንድ ሰው ጀርባዬን መታ አድርጎ «ገባ!» አለ። ለሊሴ ግን ጽሑፉን ድምፅ አውጥታ አነበበችው፤ የማመልከቻ ጊዜው ተጠናቋል፣ ስለ ፍላጎትዎ እናመሰግናለን።

ላፕቶፑን ዘጋችው፣ በነጠላዋ መልሳ ጠቀለለችው። ለሸምሱ «ገለቶሚ» አለች፣ ኦቦ ገመቹንም አመሰገነች። ኦቦ ገመቹ መሣሪያውን አጥፍተው፣ ቆልፈው፣ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጽፈው ወደ ለቅሷቸው ተመለሱ።

ጊንጪ፣ ምሽት 12፡25

የመመለሻ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሌሊቱን ጊንጪ አክስቷ ቤት አድራ ጠዋት ወደ ጎጆ ትወጣለች፤ ከቀትር በኋላ ተረኛ ናት። እኔ አላቆምኩም፤ ማንን እንደምከስ፣ ለማን ደብዳቤ እንደምጽፍ፣ ባነሩን፣ ቪዲዮውን፣ ኮሚቴውን እንዴት አድርጌ እንደማጋልጥ ስዝት መጣሁ። እሷ በመስኮቱ ያልታጨደውን ገብስ ታያለች። አንዳንዴ እሺ ትላለች።

ጊንጪ መግቢያ ላይ ሚኒባሱ ቆመላት። እቃዋን ያዘች፣ ወረደች፤ ከዚያ በሩን ይዛ ዞረች። ቁጣ የለባትም፤ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ እንደምትጠይቀው ነበር የጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ ያን ጊዜ ሲጽፉ በስልክዎ ሞክረውት ነበር?»

ተሳፋሪው ሁሉ እንድንሄድ ይጠብቃል።

«አልሞከርኩትም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «እሺ፣ በሰላም ይግቡ ቲቸር» አለችና በሩን ራሷ ዘጋችልኝ።